ማንም ያልፈለጋቸው ውሾች ያስተማሩት ሙያ

በማኅበራችን የ25ኛ ዓመት በዓል ላይ ለወላጆችና ለወጣቶች የተደረገ ንግግር



የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ “ስለ ሥራ አንድ ነገር ተናገር” ሲለኝ ስለ ሱቅ ሊጠይቁኝ ነው ብዬ ነበር። በዚህ በናይሮቢ በርበሬ፣ ሽሮና የጤፍ ዱቄት ስሸጥ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛልና ስለ ሱቅ ከሆነ እስከ ማታ ላወራችሁ እችላለሁ። እነሱ የፈለጉት ግን የልጄን ሥራ ነው። ልጄ የውሻ አሠልጣኝ ናት። እሷ ራሷ ብትናገር ይሻል ነበር፤ “አባዬ፣ ውሻ ፊት ከሆነ እሺ፣ ሰው ፊት ግን አንተ ቁምልኝ” ብላኛለች። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠራለሁ፣ እዚህ የምንኖረው በእሱ ስለሆነ።

በቡና ላይ የሚባለውን አውቃለሁ። “ሰው ልጁን ለሐኪምነት ያስተምራል፣ እሱ ለውሻ ሞግዚትነት አስተማረ” የሚል ቀልድ ሱቄ ድረስ መጥቷል። አልተቀየምኩም። በእኛ አነጋገር ውሻ ክብር የለውም፤ ሰውን “ውሻ” ማለት ስድብ ነው፣ በከንቱ የፈሰሰ ደም እንኳ “ደመ ከልብ” ይባላል። አገር ቤት የውሻ ድርሻ ፍርፋሪና ድንጋይ ነበር። እኔ በ1991 ሞያሌን ተሻግሬ እዚህ ስደርስ ደግሞ በየበሩ ላይ “ምብዋ ካሊ” የሚል ሰሌዳ አየሁ፤ “ኃይለኛ ውሻ አለ” ማለት ነው። እንግዲህ አብዛኞቻችን ስለ ውሻ የምናውቀው በስድቡና በሰሌዳው መካከል ያለውን ነው።

ሥራው ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። ሰው የሚመስለው ውሻን “ቁጭ በል”፣ “እጅህን ስጥ” ማስተማር ነው። ይህ የሥራው አሥረኛ እጅ አይሆንም። ለልጄ ስልክ የሚደወለው ውሻው የግቢውን ዘበኛ ሲነክስ ነው፤ ወይም ባለቤቶቹ ወጥተው ብቻውን ሲቀር ቀኑን ሙሉ ጮኾ ጎረቤት ሲያስመርር፤ ወይም ቤት ውስጥ ሕፃን ሊወለድ ሲል “ምን እናድርግ?” ተብሎ። ከሥራዋ ሰዓት ግማሹ የሚያልፈው ውሻ ሳይሆን ሰው በማስተማር ነው። ውሻው ይገባዋል፤ የሚያስቸግረው አባወራው ነው።

አሁን እንዴት እንደጀመረች። በ2015 ሁለተኛ ደረጃን ጨርሳ የኮሌጁ ነገር በወረቀትና በገንዘብ ምክንያት ሲጓተት ቤት ከመቀመጥ ብላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ እንስሳት መጠለያ መሄድ ጀመረች። በናይሮቢ የኬንያ የእንስሳት ጥበቃና እንክብካቤ ማኅበር ከ1910 ጀምሮ ያለ ተቋም ነው፤ ከእኛ ማኅበር ብዙ ይበልጣል። ከእሱ ሌላ ትንንሽ መጠለያዎችም አሉ። ልጄ የገባችው ከትንንሾቹ በአንዱ ነበር። ሥራዋ ጎድጓዳ ሳህን ማጠብና እበት መጥረግ ነው። ክፍያ የለውም።

ወደ መጠለያ የሚመጡት ውሾች የተለያዩ ናቸው። ከመንገድ የተነሱ አሉ። የሥራ ጊዜያቸውን ጨርሰው ወደ አገራቸው የሚመለሱ የኤምባሲና የድርጅት ሰዎች ትተዋቸው የሚሄዱ አሉ። በሰንሰለት ታስረው የኖሩም አሉ። እሷ መጀመሪያ ወደ ቤታችን ያመጣቻት ከእነዚህ ከመጨረሻዎቹ ናት። ቡችላ ሳለች የታሰረላትን የአንገት ማሰሪያ ማንም ሳያሰፋላት አድጋ ማሰሪያው ሥጋዋ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሐኪም ቀዶ ነው ያወጣው። ማንም የሚወስዳት አልተገኘም። ቀለሟን አይታ “ሽሮ” አለቻት።

ሽሮ ከግቢያችን ጥግ፣ ከውኃ ጋኑ ኋላ ገብታ ቀረች። 11 ቀን ሙሉ ሌሊት ካልሆነ አልበላችም። ልጄ ምን ታደርግ ነበር መሰላችሁ? ከውሻዋ 8 እርምጃ ያህል ርቃ፣ ጀርባዋን ሰጥታ፣ በርጩማ ላይ ቁጭ ብላ መጽሐፍ ታነባለች። በየጥቂት ደቂቃው የተቀቀለ ጉበት ቁራጭ ሳትዞር ወደ ኋላ ትወረውራለች። ባለቤቴ “ይቺ ልጅ ምን ነካት፣ ጸበል እንውሰዳት ይሆን?” እስከማለት ደርሳ ነበር። ነገሩ ግን ትርጉም ነበረው። ውሻን ፊት ለፊት ዓይኑን ማየት፣ በላዩ ላይ ማጎንበስ፣ እጅን በጭንቅላቱ ላይ ማሳረፍ ለእኛ ፍቅር ነው፤ ለፈራ ውሻ ግን ዛቻ ነው። ጎኑን ወይም ጀርባውን የሰጠ ሰው አያስፈራም። 8 እርምጃው 6 ሆነ፣ አንድ ቀን በር በኃይል ሲዘጋ ተመልሶ 10 ሆነ፣ ከዚያ 4፣ ከዚያ 2። በአምስተኛው ሳምንት ሽሮ ራሷ መጥታ አገጯን በልጄ ጉልበት ላይ አሳረፈች። ልጄ ግን እጇን አላነሳችም፤ መጽሐፏን ማንበብ ቀጠለች። እኔ በመስኮት ሳይ በዚያን ዕለት ነው ይህ ጨዋታ እንዳልሆነ የገባኝ።

ለምንድነው ሙያው ከእንዲህ ዓይነት ውሻ የሚገኘው? በሱቄ ልመስለው። ያመነህ ደንበኛ ሚዛኑን አያይም፤ ብታጎድልበትም አያውቅም፣ አንተም መመዘን አትማርም። በሌላ ሱቅ የተጭበረበረ ደንበኛ ግን እያንዳንዷን ግራም ይቆጥራል። እሱን ያስተናገደ ነጋዴ መመዘን ይችላል። በፍቅር ያደገ ቡችላ ብትቸኩልም ይቅር ይልሃል፣ ያበላሸኸውም አይታይህም። የተገፋ ውሻ ግን ወዲያው ይነግርሃል፤ በ3 ሳምንት ያገኘኸውን በ1 ደቂቃ ይወስድብሃል።

ሁለተኛው “ኑግ” ነበር፣ ጥቁር ወንድ። የቀድሞ ታሪኩን ማንም አያውቅም፤ ዱላ የያዘ ወንድ ሲያይ ግን አረፋ እስኪደፍቅ ይጮኻል፣ ገመዱን በጥሶ ሊሄድ ይታገላል። የኛ ሰፈር አስካሪ ደግሞ ዱላውን አይለይም። አብዛኛው ሰው እንዲህ ያለውን ውሻ ገመዱን ሳብ አድርጎ ይቀጣዋል። ልጄ መጀመሪያ ያደረገችው ርቀት መፈለግ ነው፦ ኑግ ዱላውን ያያል፣ ግን ገና አይጮኽም፤ ያ ቦታ 40 እርምጃ ላይ ነበር። ከዚያ አስካሪውን ለመነችው። እሱ ብቅ ሲል ጉበት ይዘንባል፣ እሱ ከበስተጀርባ ሲሰወር ጉበቱ ይቆማል። በቀን 2 ጊዜ፣ በእያንዳንዱ 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በላይ የለም። ውሻው ዝም እንዲል ጉቦ መስጠት አይደለም ይሄ። የዱላው መምጣት ራሱ የጥሩ ነገር ምልክት እንዲሆን ነው። በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኙት ሩሲያዊው ኢቫን ፓቭሎቭ በውሾች ላይ ያዩት ነገር ይኸው ነው ትለኛለች፤ ምግብ ሊመጣ መሆኑን የሚያበስር ምልክት ብቻውን የውሻውን ምራቅ ያመጣል። አባቶቻችን ደግሞ ፓቭሎቭን ሳያውቁ “ውሻ በበላበት ይጮኻል” ብለዋል። ከአራት ወር በኋላ ኑግን የሚመግበው ያው አስካሪ ሆነ፣ ዱላውን በብብቱ ሥር እንደያዘ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ጠበቅ አድርጌ ልናገር፣ ልጆች ያሉበት ቤት ስለሆነ። ውሻ ከመንከሱ በፊት ይናገራል። ሳይደክመው ያዛጋል፣ ምግብ ሳይኖር ከንፈሩን ይልሳል፣ ፊቱን ያዞራል፣ የዓይኑ ነጭ ይታያል፣ ሰውነቱ እንደ እንጨት ይደርቃል፣ ከዚያ ያጉረመርማል። ጅራቱን ቆላ ማለት ሁልጊዜ ደስ አለው ማለት አይደለም፤ ጅራቱን ከፍ አድርጎ አድርቆ የሚያወዛውዝ ውሻ ለጠብ የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ስላጉረመረመ የሚመታ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል፣ ፍርሃቱን ግን አይተውም፤ በሚቀጥለው ጊዜ ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል። ስለዚህ ማጉረምረሙን አትቅጡ፤ ልጁን አርቁ፣ ምን እንዳስፈራው ፈልጉ።

“ውሻ አለቃውን ማወቅ አለበት፣ ካልተገረፈ አይገዛም” የሚል ሰው በመካከላችንም አለ፤ እኔም ከአጎቶቼ የሰማሁት ይህንኑ ነው። ለዚህ አስተሳሰብ ከሚጠቀሱት አንዱ ዴቪድ ሜክ የተባሉ አሜሪካዊ የተኩላ ተመራማሪ በ1970 ያሳተሙት መጽሐፍ ነበር። እኚሁ ሰው በ1999 ባወጡት ጽሑፍ በዱር ያለ የተኩላ መንጋ አባትና እናት ከነልጆቻቸው የሚኖሩበት ቤተሰብ ነው፣ በጉልበት የነገሠ አለቃ የሚለው አጠራር አይስማማውም ብለው አረሙት። የአሜሪካ የእንስሳት ጠባይ ሐኪሞች ማኅበርም በ2021 ባወጣው መግለጫ ለማንኛውም ውሻ በሽልማት ላይ የቆመ ሥልጠና ብቻ እንዲሰጥ መክሯል። ልጄ በዚህ ጉዳይ ከእኔ ጋር ተከራክራ አታውቅም፤ ኑግን ብቻ አሳየችኝ።

ወደ ሙያነት የተሸጋገረው ቀስ በቀስ ነው። አንድ ጎረቤት “የኔንም እይልኝ” አለ። ቀጥሎ የእንስሳት ሐኪም ደንበኞቹን ላከ። የመጀመሪያ ክፍያዋ 1,500 ሽልንግ ነበር፤ ኖቱን እስካሁን አልመነዘረችም። ገንዘብ ሲመጣ ግን እሷ ራሷ “አሁን መማር አለብኝ” አለች። ይህን ወጣቶች ልብ በሉልኝ። በሦስት ውሾች መሥራት ልምድ ነው እንጂ ሙያ አይደለም። የካረን ፕራየርን መጽሐፍ አነበበች፤ በ1984 የወጣ ነው፣ ጸሐፊዋ ከውሻ በፊት በሃዋይ ዶልፊን አሠልጣኝ ነበሩ። ዶልፊንን በገመድ መሳብም በአለንጋ መምታትም አይቻልም፣ ስለዚህ የሚቀረው ትክክለኛውን ሥራ በትክክለኛው ቅጽበት በፊሽካ ምልክት ሰጥቶ ዓሣ መሸለም ነው። ክሊከር የምትባለው ጠቅ የምትል ትንሽ መሣሪያም የምታገለግለው ለዚሁ ነው። ከመጽሐፉ በኋላ አንዲት ልምድ ያላት አሠልጣኝ ዘንድ 2 ዓመት ያህል ቦርሳ ተሸከመች፤ ደመወዝዋ ከትራንስፖርት አይዘልም ነበር።

የሚገርማችሁ፣ አሜሪካንና እንግሊዝን ጨምሮ በብዙ አገር የውሻ አሠልጣኝ ነኝ ለማለት በሕግ የሚጠየቅ ፈቃድ የለም። ማንም ካርድ አሳትሞ መነሳት ይችላል። ለዚህም ነው ቁም ነገረኞቹ ራሳቸው መመዘኛ ያወጡት፤ በ2001 በአሜሪካ የተቋቋመው የውሻ አሠልጣኞች ማረጋገጫ ምክር ቤት ለመፈተን ብቻ ባለፉት 3 ዓመታት የተሠራ ቢያንስ 300 ሰዓት የማሠልጠን ልምድ ይጠይቃል። ልጄ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ እያንዳንዱን ሰዓት በደብተር ጽፋለች። ይህን ከሱቅ ነው የወሰደችው፤ እኔ የዱቤ መዝገብ ስይዝ አይታ ነው። በነገራችን ላይ ለውሻ ሥልጠና ዱቤ የለም። አንድ ትልቅ ቤት፣ ስሙን አልጠራም፣ ስድስት ቀን አሠርቶ በሰባተኛው ስልኩን ዘጋ። ከዚያ ወዲህ የስድስቱም ቀን ሒሳብ በቅድሚያ ይከፈላል።

ሁሉም ነገር ያማረ ነው ብዬ ላታልላችሁ አልፈልግም። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ትልቅ ውሻ አመጡላት። በነበረበት ቤት ሁለት ልጆች ነክሷል፣ ሁለተኛዋን ፊቷ ላይ። ባለቤቶቹ የፈለጉት እሷ “ይድናል” ብላ እንድትፈርምላቸውና ለሌላ ቤተሰብ እንዲሰጥ ነው፤ ጥሩ ገንዘብም አቅርበው ነበር። ሐኪሙ የሚያመው ነገር እንዳለ መረመረው፣ አላገኘም። ልጄ አራት ሳምንት ሠራችበት። ከዚያ በኋላ ሄዳ “ይህን ውሻ ልጅ ላለበት ቤት ስጡ ብዬ አልፈርምም” አለቻቸው። ውሻው በሐኪሙ እጅ፣ በመርፌ፣ እሷ ጭንቅላቱን ይዛው ሞተ። ሦስት ቀን አልበላችም። ባለቤቶቹ ለሰው ሁሉ “ሥራዋን አታውቅም” ብለው አወሩባት፣ ሁለት ደንበኛም አሳጧት። እኔ ግን ልጄ ባለሙያ መሆኗን ያወቅሁት በዚያ ሳምንት ነው። መፈረም ቀላል ነበር።

ብዙው ችግር የሚመነጨው ገና በቡችላነት ነው። ስኮትና ፉለር የተባሉ ተመራማሪዎች በ1965 ባሳተሙት ሥራ እንዳሳዩት ቡችላ ዓለምን የሚለማመድበት ዋና ጊዜ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ነው፤ ዛሬ ብዙዎች እስከ 14ኛው ያደርሱታል። በዚያ ጊዜ ሕፃን፣ ሽማግሌ፣ ባርኔጣ፣ ዣንጥላ፣ ሞተር ብስክሌት ያላየ ቡችላ በኋላ ሁሉንም ይፈራል። እኛ ግን “ኃይለኛ ይሁን” ብለን በዚያው ዕድሜ ጓሮ እናስረዋለን። የታሰረ ውሻ ሌባን ከእንግዳ አይለይም፤ ጩኸቱ ሁሉ አንድ ስለሆነ ባለቤቱም መስማት ይተዋል።

ስለ ንክሻ ካነሳሁ የእብድ ውሻ በሽታን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በሰው ላይ ከሚደርሰው የዚህ በሽታ እስከ 99 በመቶ የሚሆነው የሚመጣው ከውሻ ነው። ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፤ ከንክሻው በኋላ ግን ምልክቱ እስኪመጣ አብዛኛውን ጊዜ ከ2 እስከ 3 ወር ስለሚቆይ በክትባት መቅደም ይቻላል። ውሻ ልጅ ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡ፣ በዚያው ቀን ክሊኒክ ውሰዱት። ጸበሉም ጸሎቱም አይቀርም፤ ክሊኒኩ ግን ለነገ አይባልም። ልጆችም “አባዬ ይቆጣል” ብለው ንክሻ እንዳይደብቁ ከአሁኑ ንገሯቸው። ልጄ ሥራውን ስትጀምር መጀመሪያ ያስከተብኩት ውሻውን ሳይሆን እሷን ነው፤ ከንክሻ በፊት የሚሰጥ ክትባት አለ።

ሙያው የት ሊያደርስ ይችላል ለሚሉ ወጣቶች፦ የአፍሪካ የዱር እንስሳት ፋውንዴሽን በ2014 የጀመረው ፕሮግራም በታንዛኒያ በአሩሻ አቅራቢያ ውሾችና የውሻ ያዦች የዝሆን ጥርስ በሽታ እንዲያገኙ አሠልጥኖ በአየር ማረፊያና በወደብ አሰማርቷል። በአሜሪካ በሞንታና ያለው ዎርኪንግ ዶግስ ፎር ኮንሰርቬሽን ደግሞ ብዙ ውሾቹን የሚመርጠው ከመጠለያ ነው። የሚፈልገው በየቤቱ ያስቸገረውን፣ ኳስ ካየ ምግብ የሚረሳውን፣ ዕረፍት የማያውቀውን ነው። ቤት ውስጥ ጥፋት የተባለው እዚያ ዋና ችሎታ ሆነ ማለት ነው።

ለሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን የውሻ ምራቅ ጉዳይ እንዳለ አውቃለሁ፣ መከበርም አለበት። የልጄ ደንበኛ የሆኑ አንድ አባት ግቢያቸውን የሚጠብቅ ውሻ አላቸው፤ የፈለጉት ሰው ላይ እንዳይዘል፣ እጅ እንዳይልስና በረንዳውን እንዳይረግጥ ነው። በስድስት ቀን ውስጥ ውሻው ከበረንዳው ጫፍ ካለው ቀይ መስመር ውጪ ቁጭ ብሎ መጠበቅን ለመደ። አሁን ልጃቸው ነው የሚያዘው፤ እሳቸው ከወንበራቸው ሆነው ያያሉ።

በመጨረሻ፣ የሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት 4 ሰዓት ላይ ልጄ ከዚህ አዳራሽ በስተጀርባ ባለው ሜዳ ትገኛለች። ውሻ ያላችሁ አምጡ፤ የክትባት ካርዱን አትርሱ፣ የሚያንቅ ሰንሰለት ቤት ተዉት፣ ቁርሱን ቀነስ አድርጉለት። ጉበቱን በጥፍር ልክ ቆርጣችሁ በላስቲክ ያዙ። ሰው የነከሰ ውሻ ያለው አባል አስቀድሞ ይደውልና ለብቻው ቀን ይያዝለታል። ልጆች ያለ ወላጅ አይገቡም። ሽሮም ትመጣለች፤ አርጅታለችና ለመዳበስ መጀመሪያ ጎናችሁን ሰጥታችሁ ቁሙ፣ ከፈለገች ራሷ ትመጣለች።